ኖፓ ላይ በማይክ ያልኩት ቃል

በመቱ የገበያ ቀን ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ በቤቴ ደጅ ሲያልፍ መስኮት እዘጋለሁ። ጎረቤቶቼ ጩኸት የማልወድ ይመስላቸዋል። «እሷ መቼም ቁጡ ናት» ይሉኛል፤ ቁጡስ ነኝ፣ አልክድም። ነገር ግን ለብዙ ክረምትና በጋ እንጀራዬ ጩኸት ነበር። የምዘጋው ድምፁ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ተጋጭቶ ሲመለስ ነው። ባጃጁ የሚያወራው ስለ ሳሙና ይሁን ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ ሳልለይ፣ በተመላሹ ድምፅ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ይሰማኛል። ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ቢሆንም፣ ቤቴ በሰው ቢሞላም ይሰማኛል።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። አንድ ቀን ሙሉ በማይክ ስጠራው ውያለሁ፤ ይበቃዋል።

ያኔ ከአንድ ባንድ ጋር ነበርኩ። ትልቅ ባንድ እንዳይመስላችሁ። ዕቃ በአንድ አይሱዙ፣ ሰው ከዕቃው ላይ፣ ዘፋኞቹ ጋቢና። በበጋ ስለ አቧራው፣ በክረምት ስለ ጭቃው የሚያማርሩት ግን ጋቢና የተቀመጡት ነበሩ። ጎሬ፣ ቡሬ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ፣ አልጌ፤ ኢሉባቦር ውስጥ ኳስ ሜዳ ያለው ከተማ ሁሉ መድረካችን ነበር። ከተማው መብራት ካለው መብራቱ ይጠፋል፣ መብራት ከሌለው ጄኔሬተሩ ይጠፋል፤ በዚህ መሃል ሰው ይጨፍራል።

የእኔ ሥራ ቅስቀሳ ነበር። ከሁሉም ቀድሜ፣ ከዝግጅቱ በፊት ባለው ቀን፣ ጣሪያዋ ላይ አንድ ሞንታርቦ ወደፊት አንድ ወደኋላ በታሰረባት ፒካፕ እገባለሁ። ሾፌሩ በቀስታ ይነዳል፣ እኔ ማይክ ይዤ ስለፈልፍ እውላለሁ። ከተማው ከዘፋኞቹ በፊት የሚያውቀው የእኔን ድምፅ ነበር። እንዲያም ሆኖ መድረክ ላይ ምስጋና ሲደረደር የእኔ ስም ተነስቶ አያውቅም። የዘፋኙ ጫማ ጠራጊ ሳይቀር ይመሰገናል፣ እኔ እዘለላለሁ። ይኼ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በሁለት ቋንቋ ነበር የምቀሰቅሰው። ወላጆቼ ከሸዋ ለሥራ መጥተው መቱ የቀሩ ናቸው። ከበር ወዲህ አማርኛ፣ ከበር ወዲያ ኦሮምኛ ሆኖ ነው ያደግኩት። ኦሮምኛዬ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይደነቃቀፋል፤ ዸ የምትባለዋ ድምፅ ላይ። ምላስን ወደ ላይ አጥፎ ወደ ውስጥ ዋጥ የሚደረግባት ድምፅ ናት። እኔ ስቸኩል ተራ ደ ትሆንብኛለች። ይኼ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ሥራው «መጥቷል» እያሉ መጮህ ለሆነ ሰው ግን ጣጣ ነው። «መጥቷል» ማለት ዹፌራ ነው፤ «ሞቷል» ማለት ዱኤራ። አፋቸውን በኦሮምኛ ለፈቱት ሁለቱ ቃላት ሰማይና ምድር ናቸው። ለእኔ አፍ ግን አጥር የሌላቸው ጎረቤታሞች ነበሩ።

ቡሬ ላይ የደረሰብኝ ነው። ገበያው መሃል፣ ሰው እንደ ጉንዳን በፈሰሰበት፣ ታዋቂው ዘፋኛችን ሞቷልና ነገ ከሰዓት ኳስ ሜዳ እንዳትቀሩ ብዬ አወጅኩ። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ዋዬ!» አለች። ከዚያ ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ከሁሉም አብልጦ የሳቀብኝ ሳውንድ ማናችን ነበር። ያ ስሙን የማልጽፈው ሰው እሱ ነው። ሞንታርቦ የሚሰቅለው፣ ገመድ የሚዘረጋው፣ ሚክሰሩ ላይ ተቀምጦ ድምፅ የሚያስተካክለው እሱ ነበር። ጉረኛ ነበር፤ የሞተ ሰው ይመሰገናል ብዬ አልዋሽም። «እኔ ባልኖር ዘፋኙ ዝንብ ነው» ይል ነበር። ገመዱን የረገጠበትን ሰው፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ አባቱን ሳይቀር ይሰድባል። ከእኔ ጋር ተኳርፈን ያለፍንባቸው ከተሞች ከተስማማንባቸው ይበዛሉ። ግን ከቡሬ በኋላ ዸን ያስተማረኝ እሱ ነው። አይሱዙ ላይ ከጎኔ ተቀምጦ «ምላስሽን እጠፊ! ዋጪው! አንቺ እንግዳ ስትጠሪ ሬሳ ይመጣል» እያለ መንገዱን ሙሉ ያስለፈልፈኝ ነበር። ሁሉም ይስቃል። እኔም ስድቤን አወርድበትና እስቃለሁ።

የኖፓ ልጅ ነበር። ኖፓ ትንሽ ከተማ ናት፣ ባንዳችን ሄዶባት አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ «ኖፓ ከንብና ከዝናብ በቀር ማን ይመጣልናል?» እያለ ሲያሾፍ እሱ ይግላል። እናቱ እዚያ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የሌላቸው ሴት። ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁት «የባንዱ ድምፅ የኔ ነው» ብሏቸው ኖሯል። ውሸት አይደለም፤ ግን እናት ምን አድርጋ እንደምትተረጉመው መቼም ታውቁታላችሁ። አገሩ ሁሉ ልጃቸው ሲዘፍን የሰማ መስሏቸዋል። እሱ ደግሞ አንዴ ቢያዩት፣ ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ ከእጁ እንደሚወጣ ቢያዩ ምኞቱ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ነዝንዞ፣ አኩርፎ፣ ተቆጥቶ፣ በመጨረሻ ኖፓን ከመንገዳችን አስገባት። ከመቱ በኋላ ኖፓ ተባለ።

መቱ ላይ ዝግጅቱ በነበረበት ቀን እኔና ሾፌሩ እንደ ልማዳችን ቀድመን ወጣን። ሾፌሩ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር፣ ጋሼ ነበር የምለው። ዝናቡ ይወርዳል። ሳውንድ ማናችን ኳስ ሜዳው ዳር ቆሞ ጄኔሬተሩን ላስቲክ ያለብሳል። ስናልፍ በዝናቡ ውስጥ ጮኸብኝ። «እናቴ አገር ነው የምትሄጂው! ዸ በይ፣ ዸ! እንዳታዋርጂኝ!» በመስኮት ምላሴን አውጥቼ አሳየሁት። ያ ነው ስንብታችን። ከዚህ የተሻለ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ማታ ኖፓ ገብተን፣ ከተማዋን አንዴ እየቀሰቀስን ዞረን አደርን። ጠዋት እናቱ ያረፍንበት ደጅ ድረስ መጡ። ወለላ ማር በጣሳ ይዘዋል። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፣ ሲስቁ ዓይናቸው ይጠፋል። እትዬ አልኳቸው። ማሩን እጄ ላይ አስቀምጠው ወዲያው ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ትናንት ማታ ስትዞሩ ሰማሁሽ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «የሁሉንም ዘፋኝ ስም ጠራሽ። የእኔን ልጅ ግን አልጠራሽውም። ረሳሽው?»

የሳውንድ ማን ስም በማይክ አይጠራም ብዬ እንዴት ልንገራቸው? የራሴ ስም ያልተጠራበት ቁጭትም ነበረብኝ። «ዛሬ ከሁሉም በፊት የምጠራው የእርስዎን ልጅ ነው» አልኳቸው። እጄን ይዘው ሳሙት። ደስ አለኝ፤ እውነት ለመናገር በዚያ ሥራ እንደዚያች ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያኔ ኖፓ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነበር። እናቱ እንደሄዱ ሾፌሩ አይሱዙው መቼ እንደሚነሳ ሊጠይቅ ወደ ጉብታው ወጣ። ሲመለስ አረማመዱን አየሁ። ከጉብታው የሚወርድ ሰው ቁልቁለቱ ያንደረድረዋል፤ እሱ ግን ሽቅብ እንደሚወጣ እያዘገመ ነበር። አጠገቤ ደርሶ «እስኪ ቁጭ በይ» አለኝ። በአገራችን እስኪ ቁጭ በይ የተባለ ሰው የቀረውን ባይሰማ ይሻለዋል።

ሳውንድ ማናችን መቱ ላይ ዝግጅቱ አልቆ ገመድ ሲጠቀልል፣ ዝናብ በገባበት መገጣጠሚያ ኤሌክትሪክ ያዘው። ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ጎህ ሳይቀድ አለፈ። በቃ፣ ይኼው ነው ታሪኩ። ሾፌሩ ይኼን ሲነግረኝ የማሩ ጣሳ ጭኔ ላይ ነበር።

ሾፌሩ የአገሩን ወግ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ወደ እናቲቱ ቤት አልሄደም። የእድሩ ዳኛ ወደነበሩት ሽማግሌ ቤት ይዞኝ ሄደ። ሽማግሌው ሰምተው ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ነገሩን እንደ ሥራ ያዙት። ሬሳው የሚመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። የእናቲቱ ወንድም ያሉት ያዮ ነው፣ ሰው ይላክባቸዋል፣ ሲመሽ ይደርሳሉ። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ከቦ ነው። እስከዚያ ድረስ ከተማው ይወቅ፣ እናቱ አይወቁ።

«እናንተም ሥራችሁን ቀጥሉ» አሉ ወደኔ ዞረው።

«የምን ሥራ?»

«ቅስቀሳውን ነዋ።»

ጮህኩባቸው። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ላይ ጮህኩ። «አባባ፣ ሰውየው ሞቷል እኮ! ምን ብዬ ነው ነገ ዝግጅት አለ የምለው? ደግሞ ስሙን እጠራለሁ ብያቸዋለሁ!»

«እንግዲያማ ትጠሪዋለሽ» አሉኝ በቀስታ። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ዝም ካልሽ እሷ ለምን ዝም አሉ ብላ ትወጣለች። ስትጠይቅ ከእኛ አንዱ ያለቅሳል። ያኔ መንገድ ላይ፣ ብቻዋን፣ ጭቃው ላይ ትሰማለች። ይኼ ይሻላል?»

ልቧ ደካማ ነው፣ አንዴ ወድቃ ተነስታለች አሉኝ። የአንዲት ሴት ሕይወት በእኔ ምላስ ላይ እንደ ተሰቀለ የገባኝ ያኔ ነው።

ፒካፗ ውስጥ ስገባ የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዹፌራን። «መጥቷል» ለማለት አፌን ስከፍት ያቺ ዸ ብትከዳኝስ? በሌላ ቀን ሳቅ ነው። ዛሬ ግን ያችው ስህተት እውነቱን ታወጣዋለች። እሱ እያስተማረኝ አይሱዙ ላይ የለፋንበት ነገር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ምላሴን አጠፍኩ፣ ዋጥኩ፤ የሚወጣው ደ ብቻ ሆነ። ሾፌሩ አየኝ። ስለዚህ ዘዴ ፈለግኩ፤ ዘዴውም በደቂቃ ተገኘ። «መጥቷል» አልልም። «ጂራ» እላለሁ። ጂራ ማለት አለ ማለት ነው። ኑ ዋሊን ጂራ፣ ከእኛ ጋር አለ። አጭር፣ ቀላል፣ ምላስ የማያስር። እንዲያውም የጎበዝኩ መሰለኝ። ጂራ ልክ እንደ አማርኛችን «አለ» መሆኑን፣ ቤት ውስጥ ላለም በሕይወት ላለም አንድ መሆኑን አላሰብኩትም። ቋንቋውን ከእናቴ ጡት አለመጥባቴ ያን ቀን ታየ።

ከገበያው ጀመርን። «የዚህ ከተማ ልጅ፣ የባንዳችን ድምፅ» ብዬ ስሙን ጠራሁ። «ኑ ዋሊን ጂራ!» ማይክ ሲያዝ ድምፄ በራሱ ይደምቃል፤ የሥራ ነገር ሆኖ ሐዘኑ አይገባውም። ያ ድምቀት እስከ ዛሬ ያስጠላኛል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ተሰራጭቶ ነበር። በረንዳ ላይ የነበረው ልብስ ሰፊ እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳ። ሱቅ ደጅ የተቀመጡ ወንዶች ስሙ ሲጠራ አንድ በአንድ ተነሱ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። የሬሳ ሳጥን የሚያልፍ ይመስል ፒካፗ እስክታልፍ ቆመው ያያሉ። ሳጥን ግን የለም፤ ያለው የእኔ የደመቀ ድምፅ ነው። ለልጆች የነገራቸው አልነበረምና እነሱ ከኋላችን እየሮጡ ስሙን ተቀብለው ይጮሃሉ፣ ይጨፍራሉ። የሚቆጣቸው አልተገኘም። ቁጣውም ምሥጢር ያወጣል።

ከከተማው ዳር ጫካው ይጀምራል። እዚያ ስንደርስ የጠራሁት ስም ከዛፎቹ ተመልሶ መጣ። ዘግይቶ፣ ወፈር ብሎ፣ የወንድ ድምፅ መስሎ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። «ሰማሽ?» አለኝ። «የገደል ማሚቶ ነው» አልኩት። እሱም «አዎ፣ የገደል ማሚቶ ነው» አለ፤ ግን ሌላ ጊዜ የሚያዞርበት ቦታ ሳይደርስ መኪናውን አዞረ። ፈርቼ ነበር። እሱም ፈርቶ ነበር። ሰው ሲሞት ነፍሱ የሚያውቀውን መንገድ ትዞራለች ሲባል ሰምቼ እስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን የማውቀውን ሁሉ ጠርቼ ባስብም መሳቅ አቃተኝ።

መስቀለኛው መንገድ ላይ እናቱ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል። ስሙን ልዝለል? አልችልም። ጠራሁት፣ ጂራ አልኩ። እልል አሉ። ጎረቤቶቻቸውም እልል ማለት ነበረባቸው፣ አሉም። የእሳቸው እልልታ ከሆድ ይወጣል፣ የሌሎቹ ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንደኛዋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ነክሳ ዞር አለች። እናቱ አላዩዋትም፤ እኔን ነበር የሚያዩት።

ምሳ ካልበላችሁ አሉ። ሾፌሩ በዓይኑ ለመነኝ፤ እምቢ ማለት ግን ይበልጥ ያስጠረጥራል። ቤታቸው ገባን። አልጋው እግር ላይ ዶሮ ታስራለች፣ ለነገ፣ ለእሱ። ለእኛ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡ። ሾፌሩ ጎርሶ መዋጥ አቅቶት ውኃ ጠየቀ። እሳቸው ግን ወሬው ሞልቶላቸዋል።

«ትንሽ ሳለ ባዶ ቀፎ ውስጥ ራሱን ከትቶ ይጮህ ነበር» አሉን። «ንብ ያልገባበት አዲስ ቀፎ ሲያገኝ ደስታው! ድምፁ ወፍሮ ይወጣል። አንድ ቀን ከአጥር ጀርባ በቀፎው ውስጥ ሆኖ ጎረቤታችንን በስሙ ጠራው። ሰውየው ሞት የጠራው መስሎት ተንበርክኮ ኑዛዜውን አልጀመረም!» ሳቁ። ዓይናቸው ጠፍቶ፣ እንባቸው እስኪወርድ፣ ጉልበቴን እየመቱ ሳቁ። ያስቃልም። እኔም ሳቅኩ። ከሞተ ሰው እናት ጋር፣ ልጇ መሞቱን እያወቅኩ፣ ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

ከዚያ ረጋ ብለው ጠየቁኝ። «ሲመሽ ያስለው ነበር። አሁንም ያስለዋል?»

«አያስለውም፣ እትዬ» አልኩ። ዓይናቸውን እያየሁ ማለት የቻልኩት እውነት ያቺ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ ነበር። ከያዮ የመጡት ወንድም፣ ሽማግሌው፣ እድርተኛው፣ ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ግቢው ውስጥ ያለ ድምፅ ሞላ። እኔና ሾፌሩ ከኋላ ቆምን። ሽማግሌው በሩን አንኳኩ። እናቱ ከፍተው ወጡ። መጀመሪያ ወንድማቸውን አዩ፣ ከዚያ ሕዝቡን አዩ፣ ከዚያ ሽማግሌው «በርቺ» አሉ። ከዚህ በላይ አላስፈለገም። ከትናንት ጀምሮ የታፈነው ልቅሶ በአንዴ ፈነዳ፤ ሴቶቹ መሬት ላይ ወደቁ፣ ከያዮ የመጡት ወንድም ደረታቸውን መቱ። እናቱ ብቻ ቆመው ቀሩ።

«መቼ?» አሉ።

«ትናንት፣ ጎህ ሳይቀድ» አሏቸው።

ሲያስቡ ይታያል። ቀኑን ከጠዋቱ ጀምረው መልሰው ይሄዱበታል፤ ማሩን፣ ነጩን ቀሚስ፣ እልልታውን። ሰዎቹ ልቅሶውን ቀነሱ፤ ምን ሊሉ ነው ብለው።

«ታዲያ ትናንት ስስቅ ሞቶ ነበር?» አሉ።

ከዚያ በሰው መሃል እኔን ፈለጉ፣ አገኙኝም። ሰው ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ልባቸው የሚቆም መስሎን የተጨነቅንላቸው ሴት፣ ከሁላችንም ጸንተው ቆመዋል።

«ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ትናንት ምን አልሽ?»

ማይክ የምይዝበትን እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ።

«ጂራ አልሽ። እነዚህ የዋሹኝ ዝም ብለው ነው። ዝም ያለ ሰው ይታለፋል። አንቺ ዘገየ ብትዪ፣ መንገድ ላይ ነው ብትዪ፣ ይመጣል ብትዪ እተውሽ ነበር። አንቺ አለ አልሽ። እኔ ጓዳዬ ሆኜ፣ አንቺ ከሩቅ ጂራ ባልሽ ቁጥር አሜን እል ነበር። ለሞተ ልጄ ስንት አሜን አስባልሽኝ?»

አለቀስኩ። ስለ ዸ፣ ስለ ዹፌራ፣ ስለ ፍርሃቴ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ምን ይረባል? ለእናት የሰዋስው ምክንያት አይነገርም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«አትውደቂ። ተነሺና መኪናሽ ውስጥ ግቢ። የዘራሽውን ቃል አንድ በአንድ ልቀሚልኝ። ጂራ ባልሽበት ቦታ ሁሉ የለም በይ። እኔም አብሬሽ ሆኜ እሰማለሁ።»

ሽማግሌው መሃል ገቡ። «እንዲህ ያለ ወግ የለም፣ ሐዘንተኛ ከቤቷ አትወጣም» አሉ።

«ትናንት ያደረጋችሁት ወግ ነበር?» አሏቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን እጃቸው ላይ አዞሩ፣ ከዚያ መንገዱን ለቀቁ።

ጋቢና ውስጥ በእኔና በሾፌሩ መሃል ተቀመጡ። ነጭ ቀሚሳቸውን አውልቀው አሮጌ ጥቁር ደርበዋል። ሞተሩ ሲነሳ ገና አላለቀሱም። ከገበያው ጀመርን፣ እንደ ትናንቱ። ገበያው ባዶ ነው፣ ጉም ብቻ። ማይኩን አፌ ላይ አድርጌ ስሙን ጠራሁ። ድምፄ አልደመቀም፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያለ ጌጥ የወጣው ያኔ ነው። «ኑ ዋሊን ሂንጅሩ» አልኩ። ከእኛ ጋር የለም። ልብስ ሰፊው በሩን ከፍቶ ወጣ። ልጆቹም ወጡ፣ ዛሬ ግን የሚሮጥ አልነበረም።

እናቱ እያንዳንዱን ቦታ ያስታውሱታል። «እዚህ ብለሻል» ይላሉ፣ ሾፌሩ ያቆማል፣ እኔ የለም እላለሁ። «እዚህም ብለሻል።» እንደገና የለም እላለሁ። መስቀለኛው ላይ ስንደርስ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። የሚጸልዩ መሰለኝ። ሂንጅሩ ብዬ ማይኩን ዝቅ ሳደርግ ነው ከጣሪያችን ላይ የሰማሁት። በሹክሹክታ የተባለ፣ ሞንታርቦው ግን ያጎላው፣ ጉሙ ውስጥ ለከተማው ሁሉ የተሰማ ቃል። ጂራ።

ማይኩ ክፍት መሆኑን አላወቁም። የቃሌን ዘር እያስለቀሙኝ፣ ከኋላዬ መልሰው ይዘሩት ነበር። አሁን እንባቸው ይወርዳል፣ ዓይናቸው መስታወቱ ላይ ነው፣ የሚሉትን የሚሰማቸው ያለ አይመስላቸውም። ሾፌሩ ወደኔ ተመለከተ። አውራ ጣቴ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነበር። ተናግሮ የጨረሰ ሰው ማይኩን ይዘጋል፤ በሥራችን መጀመሪያ የሚማሩት ይኼን ነው።

አልዘጋሁትም። በየመታጠፊያው እኔ የለም ስል፣ እሳቸው አለ ሲሉ፣ ከተማውን ዞረን ጨረስን።